የጎደለን መሙላት ወይስ የሚያዋጣን መያዝ?

የአሜሪካ ቅርጫት ኳስ ክለቦች አዲስ ተጫዋች የሚመርጡበት መንገድ ለገበያ ሰው ምን ያስተምራል?

ጁን 19 ቀን 1984 ኒውዮርክ ውስጥ በተካሄደው ዓመታዊ የአዲስ ተጫዋቾች ምርጫ የፖርትላንድ ቅርጫት ኳስ ክለብ ሁለተኛ ተራ ደርሶት ነበር። ክለቡ የሚፈልገውን አሳምሮ ያውቃል። ከቅርጫቱ ሥር የሚቆም፣ የተመለሰ ኳስ የሚሰበስብና የተጋጣሚን ረጃጅሞች የሚመክት ሴንተር ጎድሎታል። ከዳር እየገቡ ነጥብ የሚያስቆጥሩ ጋርዶች ግን ሞልተውታል። ስለዚህ ከኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ ሳም ቦዊ የተባለውን ሴንተር መረጠ። ሦስተኛ ተራ የነበረው የቺካጎ ክለብ ከቀሩት መካከል አንዱን ወሰደ። ያ ሰው ማይክል ጆርዳን ነበር።

ይህ ታሪክ በስፖርት ወዳዶች ዘንድ እንደ መሳለቂያ ይነገራል። የገበያ ገጽ ግን ከመሳቅ አልፎ መጠየቅ አለበት። የፖርትላንድ ሰዎች ሞኞች አልነበሩም። ያደረጉት ብዙ ነጋዴ በየዕለቱ የሚያደርገውን ነው። መደርደሪያቸውን አዩ፣ ባዶውን ቦታ ለዩ፣ ለባዶው ቦታ የሚሆን ዕቃ ገዙ። ታዲያ ስህተቱ የቱ ላይ ነው? የጎደለን አይቶ መግዛት መቼ ብልኅነት፣ መቼ ኪሳራ ይሆናል? የዛሬው ትምህርታችን በዚሁ ላይ ያተኩራል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጨረታ የሌለበት ገበያ

በመጀመሪያ የገበያውን ሥርዓት እንመልከት። ኤን.ቢ.ኤ. በተባለው የአሜሪካ ሊግ የሚወዳደሩት ክለቦች 30 ናቸው። ከኮሌጅና ከውጭ አገር የሚመጡ ወጣቶችን በየዓመቱ የሚከፋፈሉት ድራፍት በሚባለው ምርጫ ሲሆን፣ በሁለት ዙር ተራ በተራ ይመርጣሉ። ደካማ ክለብ ቅድሚያ እንዲያገኝ ታስቦ የተሠራ ነው። ክለቦች ሆን ብለው እየተሸነፉ ተራ እንዳያሳድዱ ከ1985 ጀምሮ ዕጣ ገብቶበታል። በ2019 በተሻሻለው ደንብ ደግሞ መጨረሻ ለወጡት ሦስት ክለቦች እያንዳንዳቸው አንደኛውን ተራ የማግኘት 14 በመቶ ዕድል ተሰጥቷቸዋል።

እዚህ ገበያ ላይ ጨረታ የለም። ገንዘብ ያለው ክለብ ከፍ አድርጎ በመክፈል አንድን ወጣት ከሌላው ሊነጥቅ አይችልም። ከ1995 ወዲህ በመጀመሪያው ዙር የሚመረጥ ወጣት ደመወዝ በተራው ቁጥር ልክ በሠንጠረዥ ተወስኗል። በሌላ በኩል እያንዳንዱ ክለብ ለተጫዋቾቹ የሚከፍለው ጠቅላላ ደመወዝ ጣሪያ አለው። ጣሪያው በ1984-85 የውድድር ዘመን ሲጀመር 3.6 ሚሊዮን ዶላር ነበር።

የእነዚህ ሁለት ደንቦች ውጤት ለነጋዴ ግልጽ ነው። አንድ ወጣት ከተጠበቀው በላይ ከሆነ ክለቡ ለተወሰኑ ዓመታት ትልቅ ተጫዋች በርካሽ ይዞ ይቆያል። የተረፈውን ገንዘብም ሌላ ሰው ይገዛበታል። ትርፉ ያለው እዚህ ላይ ነው። ተራው አንዴ ከዋለ ግን አይመለስም። የምጣኔ ሀብት ተማሪ በመጀመሪያው ዓመት እንደሚማረው የአንድ ነገር እውነተኛ ወጪ የከፈሉት ገንዘብ ብቻ አይደለም። በእርሱ ምክንያት ያመለጠው ሌላ ዕድልም ወጪ ነው። ፖርትላንድ ለቦዊ የከፈለው ዋጋ ደመወዙን ብቻ ሳይሆን ጆርዳንንም ነው።

ጎደሎ በስም ሳይሆን በደቂቃ ይቆጠራል

አንድ የኤን.ቢ.ኤ. ጨዋታ 48 ደቂቃ ነው። በሜዳ ላይ አምስት ሰው ስለሚሰለፍ አሠልጣኙ የሚያከፋፍለው 240 ደቂቃ ይኖረዋል። «ጋርድ ሞልቶናል» ከማለት በፊት እነዚህን ደቂቃዎች ማን እንደያዛቸውና እስከ መቼ እንደሚይዛቸው መቁጠር ያስፈልጋል።

በ1984 ፖርትላንድ በጆርዳን ቦታ ላይ ጂም ፓክሰንና ክላይድ ድሬክስለር ነበሩት። ፓክሰን በ1983 እና በ1984 ለኮከቦች ጨዋታ የተመረጠ ሰው ነው። ድሬክስለር ደግሞ በ1983 በ14ኛ ተራ የተገኘ፣ በመጀመሪያ ዓመቱ በጨዋታ በአማካይ 7.7 ነጥብ ያስቆጠረ ጀማሪ ነበር። ለሹቲንግ ጋርድና ለትንሹ ፎርዋርድ ቦታ በድምሩ 96 ደቂቃ አለ። ሁለት ሰው እየተቀያየረ ሊጫወትበት ይችላል፤ ሦስተኛውን መሸጥ ይቻላል። ፓክሰን በ1988 ወደ ቦስተን መዛወሩ አልቀረም። «ሞልቷል» የተባለው ቦታ እንደተባለው አልሞላም ነበር።

ሌላም አለ። ፖርትላንድ ከምርጫው ጥቂት ቀናት በፊት ከዴንቨር ክለብ ጋር ባደረገው ልውውጥ ኪኪ ቫንደዌይ የተባለ ነጥብ አስቆጣሪ ፎርዋርድ ሲያመጣ፣ ከሰጣቸው ተጫዋቾች አንዱ ዌይን ኩፐር የሚባል ሴንተር ነበር። በሌላ አነጋገር ክለቡ ጎደሎውን በገዛ እጁ አስፍቶ ከዚያ በኋላ «ሴንተር የለንም» ብሎ ወደ ምርጫው ገባ። ባለሱቅ ስኳሩን በዱቄት ለውጦ ሲያበቃ በማግስቱ ስኳር ፍለጋ ያገኘውን ዋጋ እንደሚከፍለው ማለት ነው።

ቦዊ ጥሩ ተጫዋች ነበር፤ ይህን አለመናገር ፍርድ ማጣመም ይሆናል። ነገር ግን በኮሌጅ ሳለ በእግር ስብራት ሁለት ሙሉ የውድድር ዘመን አልተጫወተም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ እንዲሉ፣ በፖርትላንድ አምስት የውድድር ዘመናት ከ410 መደበኛ ጨዋታዎች የተሰለፈው በ139 ብቻ ነው። እጥረት ያለበት ገዢ ዕቃውን ሲመረምር ዓይኑ ይላላል። ጎደሎው በበረታ ቁጥር ጉድለቱን ላለማየት ምክንያት ያበዛል።

የጎረቤት ምርጫ

በዚያው ምርጫ አንደኛ ተራ የነበረው የሂዩስተን ክለብ ነበር። ሂዩስተን ከአንድ ዓመት በፊት በ1983 አንደኛ ተራውን 2.24 ሜትር ለሚረዝመው ራልፍ ሳምሰን አውሎታል። ሴንተር አልጎደለውም። ሆኖም ሌጎስ ተወልዶ ያደገውንና በሂዩስተን ዩኒቨርሲቲ የተጫወተውን ናይጄሪያዊ ሀኪም ኦላጁዋንን መረጠ። ሁለቱን ረጃጅሞች ጎን ለጎን አሰለፋቸው፤ በ1986ም ለፍጻሜ ደረሰ። በ1987 ሳምሰን ወደ ሌላ ክለብ ሲዛወር ኦላጁዋን ቀረ። በ1994 እና በ1995 ሂዩስተንን ለሻምፒዮንነት ያበቃውም እርሱ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ብልኅ አንባቢ «ሂዩስተንስ በጎደሎው ቢመርጥ ኖሮ ጋርድ ስለሚፈልግ ጆርዳንን አያገኝም ነበር ወይ?» ሊለን ይችላል። ልክ ነው። ጎደሎን መከተል አልፎ አልፎ በአጋጣሚ ወደ ትክክለኛው ሰው ይመራል። ጥያቄው ግን አንድ ጊዜ መሳካቱ አይደለም፤ ዓመት ሳይል ዓመት የሚያዋጣው መንገድ የትኛው ነው የሚለው ነው።

የማይታይ ኪሳራ

በ2003 የዲትሮይት ክለብ ሁለተኛ ተራ ሲደርሰው በትንሹ ፎርዋርድ ቦታ ቴይሻን ፕሪንስ የተባለ ወጣት ነበረው። ስለዚህ ካርሜሎ አንቶኒን አልፎ ዳርኮ ሚሊቺች የተባለውን የሰርቢያ ረጅም ልጅ መረጠ። ከእርሱ ቀጥለው አንቶኒ፣ ክሪስ ቦሽና ድዌይን ዌድ ተወሰዱ። በዓመቱ በ2004 ዲትሮይት ሻምፒዮን ሆነ። እንግዲህ ምርጫው ትክክል ነበር ማለት ነው?

አይደለም። ያሸነፉት በአብዛኛው ሚሊቺች ከመምጣቱ በፊት በተገነባ ቡድን ነው፤ ልጁም በ2006 መጀመሪያ ወደ ሌላ ክለብ ተሸኘ። በዚያው በ2006 ዲትሮይትን ከፍጻሜው ደጃፍ የመለሰው የማያሚ ክለብ ነበር። የማያሚ ዋና ሰው ደግሞ ዌድ ነው። የታለፈ ዕድል በሒሳብ መዝገብ ላይ በቀይ ቀለም አይጻፍም። በትርፍ ዓመት የተሸፈነ ኪሳራ ዋጋውን የሚያሳየው ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ ነው።

አምስተኛ፣ ስድስተኛ፣ ሰባተኛ

ቀረብ ወዳለው ዘመን እንምጣ። በ2009 የሚኒሶታ ክለብ አምስተኛና ስድስተኛ ተራን አከታትሎ ይዞ ነበር። ኳስ የሚያደራጅ ፖይንት ጋርድ ይፈልጋል። በአምስተኛው ሪኪ ሩቢዮን፣ በስድስተኛው ጆኒ ፍሊንን መረጠ። ሁለቱም ፖይንት ጋርዶች ናቸው። ሰባተኛው ጎልደን ስቴት ስቲቨን ከሪን ወሰደ።

ከሪ ቀጭን ነው፤ ፖይንት ጋርድ ይሁን ሹቲንግ ጋርድ በውል አይለይም እየተባለ ይታማ ነበር። ጎልደን ስቴት ደግሞ ሞንታ ኤሊስ የተባለ ነጥብ አስቆጣሪ ጋርድ ነበረው። ኤሊስ ራሱ ሁለቱ አጫጭር ጋርዶች ተሰልፈው ሊሆንላቸው እንደማይችል በአደባባይ ተናግሯል። በወረቀት ላይ ከሪ ለዚያ ክለብ የሚያስፈልግ ሰው አልነበረም። ክለቡ ግን ያየው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ከሩቅ የመወርወር ችሎታው ከየትኛውም አሰላለፍ ጋር ይስማማል። ሁለተኛ፣ ሁለቱ አልስማማ ካሉ አንዱ ገበያ ላይ ዋጋ አለው። በማርች 2012 ኤሊስ ወደ ሚልዎኪ ሄዶ አንድሩ ቦገት የተባለ ሴንተር መጣ። ጎደሎው የተሞላው በምርጫ ሳይሆን በልውውጥ ነው።

የዋጋው ነገር ደግሞ ለዚህ ገጽ አንባቢ ይበልጥ ይጥማል። ከሪ በቁርጭምጭሚት ሕመም ስለተጠረጠረ በ2012 የፈረመው ውል የአራት ዓመት 44 ሚሊዮን ዶላር ነበር። በ2015 እና በ2016 የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ሆኖ ሲመረጥ ደመወዙ ይኸው ነው። በ2016 የደመወዝ ጣሪያው ከ70 ወደ 94 ሚሊዮን ዶላር ሲዘል፣ ጎልደን ስቴት በዚያ ርካሽ ውል ታግዞ ኬቨን ዱራንትን አስፈረመ። ክለቡ በ2015፣ በ2017፣ በ2018 እና በ2022 ዋንጫ አንሥቷል።

ትርፍ ዕቃም ወጪ አለው

እስካሁን ያልነው ሁሉ «ጎደሎህን እርሳ፤ የተሻለውን ያዝ» የሚል ይመስላል። ነገሩ እንዲህ ቀላል ቢሆን ኖሮ ይህ ጽሑፍ ባላስፈለገ።

የዴንቨር ክለብ በ2014 በአንድ ምሽት ሁለት ሴንተሮች ያዘ። በ16ኛ ተራ የተመረጠውን ዩሱፍ ኑርኪችን በልውውጥ አገኘ፤ በ41ኛ ተራ ደግሞ ኒኮላ ዮኪችን መረጠ። ዮኪች በኋላ ሦስት ጊዜ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ሆኗል፤ በ2023ም ለዴንቨር ዋንጫ አምጥቷል። ይሁን እንጂ ሁለቱ በአንድነት ሊጫወቱ አልቻሉም። ኑርኪች ተቀምጦ መዋሉ አስከፋው፤ ይህንንም ገበያው ሁሉ ሰማ። በፌብሩዋሪ 2017 ዴንቨር ወደ ፖርትላንድ ሲሸኘው የመጀመሪያ ዙር ተራ ጨምሮ ሰጥቶ ነው።

ለመሸጥ መገደድህን ገዢው ካወቀ ዋጋውን የሚተምነው እርሱ ነው። ስለዚህ የተሻለውን ሰው ለመያዝ ብሎ በአንድ ቦታ ላይ ሰው የሚደራርብ ክለብ፣ ትርፉን መቼና ለማን እንደሚሸጥ ቀድሞ ማሰብ ይኖርበታል። ወጣት ተጫዋች እንደ ብረት በመጋዘን አይከማችም። ሳይሰለፍ ሲቀር ዋጋው ይወርዳል።

ጎደሎ የሚፈርድባቸው ሁለት ቦታዎች

አንደኛው፣ ዕጩዎቹ በአንድ እርከን ላይ ሲሆኑ ነው። የክለብ መልማዮች ዕጩዎችን ከአንድ እስከ ስድሳ በቁጥር ቢደረድሩም፣ በስድስተኛውና በስምንተኛው መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ጊዜ ከግምታቸው ስህተት ያነሰ ነው። ስለዚህ ዕጩዎችን በቁጥር ሳይሆን በእርከን መመደብ ይሻላል። በእርከኖች መካከል ችሎታ ይፈርዳል፤ በእርከኑ ውስጥ ጎደሎ ይፈርዳል።

ሁለተኛው፣ ተራው ወደ ታች ሲወርድ ነው። በመጀመሪያዎቹ ተራዎች የክለብን ዕጣ የሚለውጥ ሰው ሊገኝ ይችላል። ከ15ኛ በኋላ ግን አብዛኛው ዕጩ ረዳት ተጫዋች ነው፤ የረዳት ዋጋ ደግሞ ማንን እንደሚረዳ ሳይታወቅ አይተመንም። የሳን አንቶኒዮ ክለብ በ2011 ይህን አሳይቷል። ቶኒ ፓርከር፣ ማኑ ጂኖቢሊና ቲም ደንከን ስለነበሩት ነጥብ አስቆጣሪ አልቸገረውም። የቸገረው የተጋጣሚን ጠንካራ ፎርዋርድ የሚይዝ፣ ክንደ ረጅም ወጣት ነው። ተጠባባቂ የነበረውን ጋርድ ጆርጅ ሂልን ለኢንዲያና ሰጥቶ በ15ኛ ተራ የተመረጠውን ካዋይ ሌናርድን ወሰደ። ሌናርድ በ2014 ሳን አንቶኒዮ ማያሚን ሲያሸንፍ የፍጻሜው ኮከብ ተብሏል። ክለቡ የሰጠው የተትረፈረፈውን፣ ያገኘው የጎደለውን ነው።

ከመምረጥ በፊት አምስት ጥያቄዎች

1. ጎደሎው ስንት ደቂቃ ነው? ከ240ው ውስጥ ማንም በአግባቡ ያልያዘውን ይቁጠሩ፤ ስም አይቁጠሩ።

2. ጎደሎው እስከ መቼ ይቆያል? የ19 ዓመት ልጅ የሚበስለው ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። ስለዚህ የሚታየው የዛሬው አሰላለፍ ሳይሆን፣ የማን ውል መቼ እንደሚያልቅ የሚያሳየው የደመወዝ ሠንጠረዥ ነው።

3. የጎደለው በሌላ ገበያ ይገኛል? ልምድ ያለው ሴንተር ወይም ከሩቅ የሚወረውር ረዳት በአጭር ውል ይገኛል። ኮከብ ግን፣ በተለይ ለአነስተኛ ከተማ ክለብ፣ ከድራፍት ውጭ እምብዛም አይገኝም። በየሱቁ የሚሸጠውን ዕቃ ለመግዛት ብርቅ ተራን ማዋል አያዋጣም።

4. ዕጩዎቹ በአንድ እርከን ናቸው? ከሆኑ ጎደሎን ይከተሉ፤ ካልሆኑ ከፍ ያለውን ይያዙ።

5. ቦታ ከተጣበበ ማን ይሸጣል? መልሱ ከምርጫው በፊት መታወቅ አለበት።

አንድ የልምምድ ሒሳብ

ነገሩን በምሳሌ እንሞክረው። ስምንተኛ ተራ ያለው ክለብ አለ እንበል። ሴንተሩ 33 ዓመቱ ነው፤ ውሉ በሚቀጥለው ዓመት ያልቃል። ሁለቱ ጋርዶቹ የ24 እና የ26 ዓመት ወጣቶች ሲሆኑ ሦስት ዓመት ይቀራቸዋል። መልማዮቹ ጋርድ የሆነውን «ሀ»ን ከመቶ 85፣ ሴንተር የሆነውን «ለ»ን 82፣ ሌላውን ሴንተር «ሐ»ን 70 ሰጥተዋል።

በ«ሀ» እና በ«ለ» መካከል ያለው ሦስት ነጥብ ከግምት ስህተት አያልፍም፤ ስለዚህ ጎደሎው ይፈርዳል፤ «ለ» ይመረጣል። «ለ» ቀድሞ ከተወሰደ ግን ልዩነቱ 15 ነጥብ ነው። ያን ጊዜ «ሀ»ን ይዞ፣ ሴንተሩን በአንድ ዓመት ውል ከገበያ መግዛት ይሻላል። ሦስተኛም መንገድ አለ። ሌላ ክለብ «ሀ»ን አጥብቆ ከፈለገና «ለ» ዝቅ ባለ ተራ እንደሚገኝ ከታመነ፣ ተራውን ለውጦ ጭማሪ መቀበል ይቻላል። ቦስተን በ2017 አንደኛ ተራውን ለፊላደልፊያ ሰጥቶ ሦስተኛውንና ለወደፊት አንድ የመጀመሪያ ዙር ተራ ተቀበለ። ፊላደልፊያ ማርኬል ፉልትዝን ወሰደ። ቦስተን ጄሰን ቴተምን መረጠ፤ በ2024ም ከእርሱ ጋር ሻምፒዮን ሆነ።

በመጨረሻ

ይህን ሁሉ ያነሣነው የገበያ አንባቢያችን የቅርጫት ኳስ ክለብ ይገዛል ብለን አይደለም። ነገር ግን ገንዘቡ ለአንድ ግዢ ብቻ የሚበቃ ሰው ሁሉ ከዚህ ጥያቄ አያመልጥም። መኪና የሌለው አስመጪ መኪና ይግዛ ወይስ መኪናውን ተከራይቶ ገንዘቡን በዕቃ ላይ ያውል? መልሱ የሚወሰነው በመኪናው አለመኖር ብቻ አይደለም። የጎደለው በኪራይ የሚገኝ መሆን አለመሆኑና የሚያልፈው ዕድል ተመልሶ መምጣት አለመምጣቱም ይወስኑታል።

የፖርትላንድን ነገር ስንቋጭ፣ ክለቡ በ1992 ለፍጻሜ ደርሶ ነበር፤ የገጠመውም ቺካጎን ነው። በመጀመሪያው ጨዋታ ጆርዳን በአንድ አጋማሽ ብቻ 35 ነጥብ አስቆጠረ፤ ቺካጎም ዋንጫውን በ4 ለ 2 ውጤት ወሰደ። በጆርዳን ቦታ ለፖርትላንድ የተሰለፈው ድሬክስለር ነበር። እርሱም ዋንጫ ያገኘው በ1995 ነው። ያገኘው ግን በሂዩስተን ማሊያ፣ ከኦላጁዋን ጎን ሆኖ ነው።